«ተከትላው ሄደች» ለተባልሽው እህቴ

ሱረቱል ካህፍን የቀራችሁ አላህ ይቀበላችሁ፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አለ። ሰለዋቱንም እናብዛ።

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን የትዳር ጓደኛቸውን ሥራ ብለው ከለመዱት አገር ነቅለው ለሄዱ ሰዎች ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ንግግሬን ወደ እህቴ አዞራለሁ። ባሎች ግን ገጹን እንዳትዘጉ፤ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

እህቴ፣ በቀድሞ ሰፈርሽ ስላንቺ የሚወራው በአንድ መስመር ያልቃል፦ «ባሏ ተዛወረ፣ ተከትላው ሄደች።» እሱ ተመደበ፣ እሱ አደገ፣ ለእሱ ደመወዝ ተጨመረ። አንቺ ተከተልሽ። የለቀቅሽው ሥራ፣ በየሳምንቱ የምትጠይቂያት እናትሽ፣ ጧት ጧት «ቡና ደርሷል» ብላ የምትጣራው ጎረቤትሽ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ መስመር ውስጥ የሉም። ብዙ ጊዜ ቅር የሚያሰኘው ከመሄዱ ይልቅ ይህ አለመቆጠሩ ነው።

ነገሩን በአንድ መንገድ ላይ እንየው። ደሴ ላይ የምታስተምር አንዲት እህት አስቢ። ባሏ ሰመራ ላይ የተሻለ ሥራ አገኘ። በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አንስቶ ከ500 ሜትር በታች ያደርሳል። ጧት ፎጣ ተከናንባ የተሳፈረች ሴት ከሰዓት በኋላ መስኮት ከፍታ መተንፈስ ያቅታታል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሰውነት እንዲህ ያለውን ሙቀት በዋናነት የሚለምደው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ናፍቆት ግን እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም።

ሰኞ ጧት ባልየው ቢሮ ሲገባ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ምሳ የሚጋብዘው አለ፣ ዙህርን አብሮት የሚሰግድ አለ፣ የቤት ኪራይ ዋጋ የሚነግረው አለ። ሥራው ሰዎቹን አዘጋጅቶ ሰጠው። እሷ በሩን ከዘጋች በኋላ ግድግዳውና ማራገቢያው ብቻ ይቀራሉ። ትናንት አርባ ሃምሳ ተማሪ «ቲቸር» እያለ የሚከባት ሴት፣ ዛሬ ከሱቅ ልጅ ጋር ስለ ሽንኩርት ካወራችው ሌላ ቃል ሳትናገር ትውላለች። ማታ ሲገናኙ እሱ ሲያወራ ስለዋለ ዝምታ ያምረዋል፤ እሷ ዝም ብላ ስለዋለች ወሬ ይርባታል። ጠቡ በወጡ ጨው ይጀመር ይሆናል። ምክንያቱ ግን ጨው አይደለም።

በዚህ መሃል «ኢማኔ ደክሞ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። «ስንቷ ባል አጥታ፣ አንቺ ደግሞ ደሴ ደሴ ትያለሽ» የሚልም አይጠፋም። እዚህ ላይ ቆም በይ። ሰሃቦች ወደ መዲና የሄዱት ለአላህ ብለው ነው፤ የሄዱትም የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ወዳሉበት ነው። ከዚህ የበለጠ ጉዞ የለም። ሆኖም መዲና ሲደርሱ የከተማዋ ንዳድ አቡበክርንና ቢላልን (ረ.ዐ.) ጣላቸው። ቢላል ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆ፣ ሣሯንና ተራሮቿን በስም እየጠራ ይገጥም ነበር። ቢላልን ያሰቃዩት መካ ውስጥ ነው! ድንጋይ የተጫነበት እዚያ ነው። ግን ናፈቀችው። አገር እንዲህ ነው፤ የበደለሽም ቢሆን ይናፍቃል።

ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ይህን ሰምታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገረች። ቢላልን አልገሠጹትም። የተሰደደ ሰው ወደኋላ አያይም ብለውም አልተቆጡም። ዱዓ አደረጉ እንጂ። አላህ መዲናን እንደ መካ፣ ወይም ከዚያ አስበልጦ እንዲያስወድዳቸው ለመኑ። አየሯ ጤና እንዲሆንላቸው፣ በእህል መስፈሪያዋ ላይ በረካ እንዲደረግ፣ ንዳዷም ወደ ጁሕፋ እንዲዞር ለመኑ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ ካልሽ ዱዓው ውስጥ የልብ ነገር አለ፣ የአካል ነገር አለ፣ የጓዳ ነገርም አለ። አዲስ አገር የሚከብደውም በእነዚሁ ነው። ከሁሉ በፊት የተጠየቀው ግን መውደድ ነው። መውደድ የሚጠየቅ ነገር ከሆነ ገና ስላልመጣልሽ አትወቀሺም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ታሪክ እንምጣ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረውን የማያውቅ ሐበሻ ሙስሊም ጥቂት ነው። ስለ ባለቤቱ ስለ አስማ ቢንት ዑመይስ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ከባሏ ጋር ባሕር ተሻግራ መጥታ ከ10 ዓመት በላይ እዚህ ኖረች። ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የሚባሉት ልጆቿ ሐበሻ ምድር ላይ ተወለዱ። እርግጥ አስማ የባሏ ሥራ አላመጣትም፤ ራሷም አማኝ ሆና፣ ለዲኗ ብላ ነው የመጣችው። በዚህ ካንቺ ጉዳይ ይለያል። ኋላ የገጠማት ነገር ግን ካንቺ ብዙ አይርቅም።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተችበት ሰሞን፣ እነ ጃዕፈር በመርከብ ተመለሱ። አስማ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን ልትጠይቅ ሄዳ ተቀምጣ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ.) ገባና ማን እንደሆነች ጠየቀ። ሲነገረው፣ ሐበሻ የነበረችው፣ ባሕር ተሻግራ የመጣችው እሷ ናት ወይ አለ። ቀጥሎም እነሱ በሂጅራ እንደቀደሟቸው፣ ስለዚህም ለአላህ መልክተኛ ይበልጥ የተገቡ መሆናቸውን ተናገረ። አስማ ተቆጣች። በፍጹም አለችው። እናንተ ከሳቸው ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ፣ በባዕድ አገር ነበርን፣ እሱም ለአላህና ለመልክተኛው ብለን ነው አለችው። ለነቢዩ ሳትነግር እህል ውኃ እንደማትቀምስ፣ ስትነግርም እንደማትዋሽ፣ ቃሉን እንደማታጣምም፣ አንዲትም እንደማትጨምርበት ማለች።

ነገረቻቸው። መልሳቸው ዑመር ከእነሱ ይበልጥ የተገባ እንዳልሆነ፣ ለእሱና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ እንዳላቸው፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እነ አቡ ሙሳ አል-አሽዓሪ፣ አብረዋት በመርከቧ የመጡት ሰዎች፣ በቡድን በቡድን እየመጡ ይህን ሐዲስ ያስነግሯት ነበር። ከዱንያ ነገር እንደዚህ ያስደሰታቸው አልነበረም። አቡ ሙሳ ደግሞ ደጋግሞ ያስደግማት ነበር።

ለምን ያስደግማታል? አንዴ ሰምቶታልኮ። ሩቅ አገር የባከነ የመሰለው ዘመን መዝገብ ላይ እንዳለ መስማት ስለማይጠገብ ነው ብዬ አስባለሁ። እህቴ፣ አስማ አልደበቀችውም፤ ሶብር ነው ብላም አፏን አልዘጋችም። ከበደኝ፣ ርቄ ነበር፣ እናንተ ያገኛችሁትን አላገኘሁም አለች። ዛሬ ብትሆን «ምነው አጉል ታማርራለች» የሚላት አይጠፋም ነበር። የአላህ መልክተኛ ግን ቆጠሩላት። ስለዚህ የተውሽውን ነገር ለባልሽ በስሙ ጠርቶ መንገር ምስጋና ቢስነት አይደለም። «ሥራዬን ትቼ ነው የመጣሁት፣ እናቴን ትቼ ነው የመጣሁት» በይው፤ በመውቀስ ድምፅ ሳይሆን፣ ሳትዋሺ፣ ሳትጨምሪም። ማለቷን አስታውሺ፦ አንዲትም እንደማትጨምርበት።

«እኔኮ ባሌን ብዬ ነው እንጂ ለአላህ ብዬ አይደለም» ካልሽም፣ ኒያ ይታደሳል። ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሆነ የሚናገረው ታዋቂው ሐዲስ ለትዳር ብሎ የተሰደደን ሰው ይጠቅሳል፤ የተሰደደው ለተሰደደበት ነገር ነው ይላል። ይህ ለትዳር መጓዝን ኃጢአት አያደርገውም፤ ለሌላ ነገር ሄዶ ለአላህ ሄድኩ የሚለውን ነው የሚያርመው። ቤቴ እንዳይፈርስ፣ ልጆቼ አባታቸው አጠገብ እንዲያድጉ፣ እኔም ባሌም ከሐራም እንድንጠበቅ ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ይህ ራሱ የሚመነዳ ኒያ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ አድሺው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አዲስ አገር ላይ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ከእናታችን ሀጀር የበለጠ አስተማሪ አላገኘሁም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እሷንና የሚጠባ ልጇን ሰውም ውኃም የሌለበት ሸለቆ ውስጥ አስቀምጠው፣ ጥቂት ቴምርና አንድ ኮዳ ውኃ ትተው ሄዱ። እየተከተለች ደጋግማ ጠየቀቻቸው፤ አልመለሱላትም። በመጨረሻ ይህን ያዘዛቸው አላህ እንደሆነ ጠየቀች። አዎ ሲሏት፣ እንግዲያው አላህ አይጥለንም ብላ ተመለሰች። ዒልም ያለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሀጀርን ሶብር ሲያወራ ጥያቄዋን ይዘለዋል። እሷ ግን ምክንያቱን ጠይቃ፣ መልሱን አግኝታ ነው የተቀመጠች። ሳትጠይቂ የተቀበልሽው ውሳኔ ካለ ዛሬም መጠየቅ ትችያለሽ።

ውኃው ሲያልቅ ተቀምጣ አልጠበቀችም፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዘምዘም ግን የፈለቀው እሷ በሮጠችበት ሳይሆን ልጁ ባለበት ነው። እስካሁን ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ሁሉ በእግሯ ዱካ ይሮጣል። «ተከትላው ሄደች» የተባለላትን ሴት ስንት ሚሊዮን ሰው እንደሚከተል አስቢው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። የጁርሁም ሰዎች ወፍ ሲያንዣብብ አይተው ውኃ መኖሩን ጠረጠሩ፤ መጥተው አጠገቧ እንዲሰፍሩ ፈቃድ ጠየቋት። ፈቀደች። ውኃው ላይ ግን የባለቤትነት ሐቅ እንደማይኖራቸው ተዋዋለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲነግሩን መምጣታቸው ለኢስማዒል እናት የተስማማት ከሰው ጋር መሆን ትወድ ስለነበር መሆኑን ጨምረው ነገሩን። ዘምዘም ያላት ሴት፣ መልአክ ያናገራት ሴት፣ ሰው ያስፈልጋት ነበር! ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ከዓይኗ ከራቁ በኋላ ያደረጉት ዱዓም በሱረቱ ኢብራሂም 14፡37 ላይ አለ። ሶላት እንዲያቆሙ ብለው ካነሱ በኋላ፣ መጀመሪያ የለመኑት የሰዎች ልብ ወደነሱ እንዲያዘነብል ነው። ፍራፍሬው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እኛ ስንዛወር አስቀድመን የምንጠይቀው የቤት ኪራዩንና ደመወዙን ነው። ጎረቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ሰው ፈልጊ። ሰው ሲመጣ እስኪያንኳኳ አትጠብቂ። በአቅራቢያሽ ያለው መስጂድ የሴቶች ደርስ እንዳለው ጠይቂ፤ ከሌለ ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት መድረሳ አለ፣ እዚያ እናቶች ይገናኛሉ። ወሎ ላይ ቅሬ የምንለውን፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን ቶሎ ግቢ፤ «ለጥቂት ጊዜ ነው የመጣነው» ብለሽ አትዘግዪ። ለቅሶና ሠርግ ሳይደርሱ አገር አይለመድም። ሰመራና ሎጊያ ላይ ከሆንሽ ደግሞ አንድ ጸጋ አለሽ፤ በአፋሮች ዘንድ ዳጉ የሚባል ባህል አለ። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ በወጉ ይጠያየቃል፤ ወሬውም ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፋል። እኛ ደህና ዋሉ ብለን የምናልፈው እዚያ ቁም ነገር ነው። ቋንቋውን ባትችይም በቀን ሁለት ሦስት ቃል ተማሪ። የተሳሳተ ሰላምታ ያስቃል፤ ሳቅ ደግሞ በር ይከፍታል።

ስልኩስ? ዝምድናን መቀጠል ዋጂብ ነው፤ ለእናትሽ ደውይ፣ በየቀኑም ይሁን። ግን ከነቃሽበት እስከምትተኚበት ቴሌግራም ላይ የደሴን ውሎ የምትከታተዪ ከሆነ፣ ሰውነትሽ ሰመራ ነው፣ ኑሮሽ ግን አልተነሳም። ጎረቤትሽ በር ላይ ቆማ «ቡና ነይ» ስትልሽ ስልክ ላይ ነኝ ካልሽ ሦስተኛ ቀን አትመጣም።

የሥራሽ ነገር ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ባል ወደሌላ ክልል ሲመደብ የሚስት መደብ አብሮ አይዛወርም። ገና ካልወጣሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ማኅተም አስደርገሽ ያዢ፤ መልቀቂያሽን፣ ክሊራንስሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽን፣ የልጆችን የትምህርት ቤት መሸኛ ከቀበሌ መሸኛው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አድርጊ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚቻል እንደሆነም መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። አንድ ወረቀት ለማስፈረም ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ያሳለፉ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ውጭ አገር ከሆነም ባሕረ ሰላጤው ላይ በባል በኩል የሚወጣ ኢቃማ በራሱ የሥራ ፈቃድ እንዳልሆነ እወቂ፤ ሥራ ከመያዝሽ በፊት ሕጉን ጠይቂ። ፓስፖርትሽ ደግሞ አንቺ የምታገኚበት ቦታ ይቀመጥ።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ሲገባ ባዶ እጁን ነበር። ወንድም የተደረገለት ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ገንዘቡን እኩል ሊያካፍለው ፈለገ። እሱ ዱዓ አድርጎለት ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ጀመረውም በጥቂት የደረቀ እርጎና ቅቤ ነው። የመምህርነቱ መደብ ባይገኝ ሰፈር ውስጥ ማስጠናት አለ፤ አንዲት ልጅም ብትሆን። ገቢው ትንሽ ይሆናል፤ ቀኑ ግን ቅርጽ ያገኛል።

ወንድሜ፣ አሁን ወደ አንተ መጣሁ። ነፈቃ ያንተ ግዴታ ነው፣ የሚስትህ ገንዘብ የሷ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታሰበው ግን ይህ ነው፦ ትናንት ከደመወዟ ለእናቷ ትልክ የነበረች፣ ለልጅ ጫማ ስትገዛ ማንንም የማታስፈቅድ ሴት፣ ዛሬ የስልክ ካርድ ትለምንሃለች። የለመነችህ አንተ ብለህ ሥራ ስለተወች ነው። በየወሩ የታወቀ ገንዘብ፣ ሳትጠየቅ፣ ለምን አዋልሽው ሳትል ስጣት። ለእናቷ የምትልከው በነፈቃ ሕግ ባይመጣብህም፣ የተቋረጠው ባንተ ዝውውር ነውና ፍትሕ ያለው ሰው ይህን አይዘነጋም።

ጊዜም ስጣት። የዒድ ቀን ሐበሾች መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማየት ፈለገች። የአላህ መልክተኛ በኩታቸው ጋርደዋት ቆሙ፤ ራሷ እስክትሰለች ድረስ አልሄዱም። የሚመሩት ኡማ ነበር፣ ሥራ ፈት ሆነው አልቆሙም። አንተ ደግሞ ከሥራ መጥተህ ስልክ ይዘህ ትጋደማለህ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቅዳሜህን ለቢሮ ጓደኞችህ አትስጥ፤ ከተማዋን አብራችሁ እወቋት። ከመሥሪያ ቤትህ ሰዎች መካከል ቤተሰብ ያላቸውን ቤትህ ጥራ። ያንተ ሥራ ሰው ሰጥቶሃል፤ አካፍላት።

ሚስቱን ተከትሎ የሄደ ወንድምም አለ፤ ሐኪም ናት፣ ወይም መሥሪያ ቤቷ አዛውሯታል። «ሻንጣ ተሸክሞ ተከተላት» ይሉታል። ሱረቱል ቀሰስን ክፈት። ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ሲደርሱ ምንም አልነበራቸውም፤ ጥላ ሥር ሆነው ለሚወርድላቸው ኸይር ሁሉ ድሃ መሆናቸውን ለጌታቸው ነገሩ። ትዳር የያዙት በሚስታቸው አገር፣ በሚስታቸው አባት ዘንድ ተቀጥረው ነው። ማንም ነቢይ በዚህ አላነሰም። ውሉን ደግሞ ተመልከት፦ 8 ዓመት፣ በፈቃዳቸው ከሞሉት 10። ዘመኑ ሲያልቅ ቤተሰባቸውን ይዘው ተነሱ። ዘመን የተነገረበት ስደት ዘመን ካልተነገረበት ይቀላል። ባልና ሚስት ሆይ፣ «እስኪ እናያለን» ብላችሁ አትተዉት። «ሁለት ዓመት እንሞክር፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገር» በሉና ቀኑን ጻፉት። ቀኑ ሲደርስም በእውነት ቁጭ በሉ።

ገና ኒካሕ ላላሰራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሴቷ ከከተማዋ ላለመውጣት ኒካሕ ላይ ሸርጥ ብታደርግ፣ በኢማም አሕመድ መዝሀብ ሸርጡ የጸና ነው፤ ባል ቢያፈርሰው ኒካሑን የማስፈረስ መብት አላት። ሌሎቹ መዝሀቦች በዚህ ይለያሉ። ለትዳር ሲባል የተገቡ ሸርጦች ከሁሉ ይበልጥ ሊሞሉ የሚገባቸው መሆናቸውን የሚናገር ሶሒሕ ሐዲስ ግን አለ። ስለዚህ ወሊዩና ምስክሮቹ ባሉበት ተነጋገሩ፤ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። ከሠርግ በኋላ ከመጣላት በፊት መጠየቅ ይሻላል።

እህቴ፣ ሁሉም ጭንቀት ናፍቆት ነው ብለሽ ደግሞ አትለፊው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ እህል ካስጠላ፣ ትወጂው የነበረው ሁሉ ካስጠላሽና ይህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ሕክምና መፈለግ በሱና የታዘዘ ነው፤ ቁርኣንሽንም ሕክምናሽንም ያዢ። ከቤተሰብሽ ጋር እንዳትገናኚ የሚከለክልሽ፣ ወረቀትሽን የሚደብቅ ወይም እጁን የሚያነሳብሽ ባል ከሆነም ይህ ሶብር የሚደረግበት የአገር መለወጥ አይደለም። ለወላጆችሽ፣ ለሽማግሌ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ለሕግ ንገሪ። ከዘመድ ርቀሽ መኖርሽ የባልሽን አማና ያከብደዋል እንጂ ሥልጣኑን አይጨምረውም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ዱዓ የማይመለስባትን ሰዓት ብዙ ዑለሞች ከዐስር በኋላ ባለው የቀኑ ማብቂያ ላይ ይፈልጓታል። ውዱእ አድርገሽ ተቀመጪ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለመዲና የለመኑትን አንቺ ለከተማሽ ለምኚ፤ ሰመራ ከሆነ ሰመራ ብለሽ፣ ጅዳ ከሆነ ጅዳ ብለሽ፣ በስሙ። እንዲያስወድድሽ፣ ጤናሽን እንዲሰጥሽ፣ በእህልሽ በረካ እንዲያደርግ፣ የሰው ልብ ወደ ቤትሽ እንዲያዘነብል። ባልሽ ቤት ካለ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ አሚን ይበል።